ለራስ መጠበቂያ የትኛው ጥይት? ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ ወይስ ረጅሙ ዘጠኝ

የደላንታ ድንጋይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የኦፓል ነጋዴ ነኝ። ድንጋዩን ከወገል ጤና ገዝቼ በኩታበር አድርጌ ደሴ አወርዳለሁ። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በኪስ የምትገባ ጠጠር ብዙ ብር ታወጣለች፣ ይህንን ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። እና የሽጉጥ ፈቃድ ጠይቄ ሂደት ላይ ነኝ፣ ሊያልቅልኝ ምንም አልቀረው። ጥያቄዬ ስለ ፈቃዱ አይደለም፣ የቱን ልያዝ ነው። አንዱ ማካሮቭ ይለኛል። ሌላው ቶካሬቭ ካልሆነ ሽጉጥ አትበለው ይለኛል፤ ሁለቱም የሩሲያ ሽጉጦች ናቸው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአሜሪካ ደውሎ "45 ነው እንጂ ሌላው መጫወቻ ነው" ብሎኝ፣ ያንን ትልቁን የአሜሪካ ጥይት ማለቱ ነው፣ ስልኩን ዘጋው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የተወው ጣሊያን ሠራሽም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ከነጥይቱ። እሱን አድሼ ብይዝስ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቀልደኛ አትብዙብኝ።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
የአክስትህ ልጅ ልክ ነው። 45 በቃ። አንዴ ካገኘው ሰውዬው ወደ ኋላ ተወርውሮ ነው የሚወድቀው። በዘጠኝ ብትመታው ይናደድብሃል እንጂ አይወድቅም ሃሃሃ።

ፊዚክስ ወልዲያ፦
ወደ ኋላ ተወርውሮ የሚወድቀው ፊልም ላይ ነው ወንድሜ። ጥይቱ የተመታውን ሰው የሚወረውር ቢሆን ተኳሹንም በዚያው ልክ በወረወረው ነበር። ይህን 9ኛ ክፍል ተምረሃል፣ ካልቀረህ።

ቁጥሩን ላስቀምጥልህ። ረጅሙ ዘጠኝ፣ ፓራቤለም የሚባለው፣ እርሳሱ 8 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 350 ሜትር ይሄዳል። ስታሰላው ጉልበቱ ወደ 490 ጁል ይመጣል። 45ቱ እርሳሱ ከባድ ነው፣ 15 ግራም ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ግን ዘገምተኛ ነው፣ 255 ሜትር አካባቢ። እሱም 480 ምናምን ጁል። ቶካሬቭ የተገላቢጦሽ ነው። 5 ግራም ተኩል የሆነች ቀላል እርሳስ ከ420 ሜትር በላይ ትበራለች፣ እሷም እዚያው 500 አካባቢ ናት። ከሦስቱ የሚያንሰው ማካሮቭ ነው፣ 6 ግራም በ315 ሜትር፣ ወደ 300 ጁል። የአባትህ ጣሊያን ቤሬታ ከሆነ ከማካሮቭም ዝቅ ይላል።

ስለዚህ 45 ከዘጠኝ "እጥፍ ይመታል" የሚባለው ወሬ ነው። ጉልበታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት በአፍ ስፋት ነው፣ 9 ሚሊሜትር እና 11 ከግማሽ የማይሞላ።

ባሻ 77፦
ልጆች አመሻችሁ። አንተ የደላንታው፣ ጥያቄህን ገልብጠህ ነው የጠየቅኸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው "የትኛው ይገላል" አይደለም። ሁሉም ይገላል። የሚጠየቀው "የትኛውን ጥይት በሕጋዊ መንገድ አግኝቼ፣ እየተኮስኩ ልለማመድበት እችላለሁ" ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ። በደርግ ጊዜ ሁለቱንም ታጥቄያለሁ፣ ቶካሬቭም ማካሮቭም። በጃንሆይ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣውን ኮልት 45 የያዙ አሮጌ መኮንኖችም አውቃለሁ። እና ልንገርህ፣ 45 የታጠቀ ሰው ያኔም ቢሆን ካዝናውን ሞልቶ ያየሁት ጥቂቱን ነው። ጥይቱ አይገኝም ነበር። ሽጉጡ ለወገብ ጌጥ ሆኖ ቀረ። የአክስትህ ልጅ አሜሪካ ሱቅ ገብቶ ጥይት በካርቶን ይገዛል፣ አንተ ግን ያለኸው ደሴ ነው።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
ባሻዬ አከብርዎታለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ ኤፍቢአይ ራሱ ዘጠኝን ጥሎ ነበር እኮ። እነሱ የማያውቁትን እኛ ልናውቅ ነው?

ፊዚክስ ወልዲያ፦
ታሪኩን ከግማሽ ነው የሰማኸው። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ነው። ሁለት ዘራፊዎች ከኤፍቢአይ ሰዎች ጋር ተታኮሱ፣ ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። አንዱ ዘራፊ ገና በመጀመሪያ በዘጠኝ ተመትቶ ነበር። ጥይቷ ክንዱን በስታ ደረቱ ውስጥ ገባችና ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ነው ብዙውን ጉዳት ያደረሰው። መሥሪያ ቤቱም ጥፋቱን ዘጠኝ ላይ ጫነ። መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊሜትር ሄዱ፣ እሱ ለብዙ ሰው እጅ ከበደ፣ ከዚያ በ1990 የወጣውን 40 የሚባለውን ጥይት ያዙ። በ2010ሮቹ አጋማሽ ግን ወደ ዘጠኝ ተመለሱ። ለምን? አንደኛ የዘጠኝ ጥይት አሠራሩ ተሻሽሎ ነበር። ሁለተኛ ሰዎቻቸው በዘጠኝ ሲተኩሱ በፍጥነት ይተኩሳሉ፣ በደንብም ይመታሉ፣ ካዝናውም ብዙ ይይዛል።

አሁን ዋናው ነገር። አሜሪካኖቹ "ዘጠኝ ይበቃል" ሲሉ የሚያወሩት አፉ ስለተቦረቦረው ጥይት ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ተከፍቶ ይሰፋል፣ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ገብቶ እንዲቆም ተብሎ የተሠራ። እኛ ዘንድ የሚዞረው የወታደር ጥይት ነው። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ፣ አፉ ድፍን። አይሰፋም፣ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ የዩቲዩቡን ክርክር እዚህ አምጥቶ መድገም ምንም አይጠቅምም። የሚያወሩበት ጥይት እኛ እጅ የለም።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
እሺ መምህር። ይህቺኛዋን አላውቃትም ነበር።

የደላንታ ድንጋይ፦
ባሻዬ እግዜር ይስጥልኝ። መምህርም። የአባቴን ሽጉጥ አሁን አውጥቼ አየሁት። የላይኛው ብረት ላይ በፈረንጅ ፊደል ቤሬታ ብሎ፣ ቀጥሎ ካሊበር 9 ኮርቶ ይላል። 1934 የሚልም አለበት። መጨረሻ ላይ 1937 ተጽፎ ከአጠገቡ የሮማ ቁጥር አለ፣ አሥራ አምስት መሰለኝ። ጥይቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር፣ ቀለሃቸው አረንጓዴ ሆኗል። አንዷን በጣቴ ሳሻት አረንጓዴው ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። አንድ ደላላ ደግሞ "9 ነው፣ የማካሮቭ ጥይት ይበላል" አለኝ። እውነት ነው?

ቶርኖ ቤት ደሴ፦
ኧረ ወንድሜ! አታድርገው። ይህችን ጉዳይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በየጊዜው አንዱ ሽጉጥ ይዞ ቶርኖ ቤቴ ድረስ ይመጣና "ይህ ዘጠኝ ነው፣ ያም ዘጠኝ ነው፣ ለምን አይገባም? በሞረድ አስተካክልልኝ" ይለኛል። እኔ ሽጉጥ አልነካም፣ ፈቃዱም የለኝም፣ ለሁሉም መልሴ ይኸው ነው። ግን ካሊፐር አለኝ፣ ልዩነቱንም አውቃለሁ።

በአገራችን "ዘጠኝ" የሚባለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው አጭሩ፣ ኮርቶ፣ ያንተ ቤሬታ የሚበላው። ቀለሃው 17 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ማካሮቭ፣ ቀለሃው 18። ሦስተኛው ፓራቤለም፣ ቀለሃው 19። ረጅሙን በዓይን ትለየዋለህ፣ ከነእርሳሱ ወደ 30 ሚሊሜትር ይጠጋል። የሚያሳስቱት ሁለቱ አጫጭሮች ናቸው። ከነእርሳሳቸው ሁለቱም 25 ሚሊሜትር ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ብታቆማቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው እርሳሱ ላይ ነው። የኮርቶ 9 ሚሊሜትር ነው፣ የማካሮቭ ግን 9.2 እና ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ። ሩሲያኖቹ ስሙን ዘጠኝ አሉት እንጂ መጠኑ የራሳቸው ነው። ያንን ሰፊ እርሳስ በግድ ወደ ጣሊያኑ በርሜል ብትገፋው፣ በ1937 የተሠራ ብረት ላይ ነው የምትፈርድበት። የደላላው ምክር የበቅሎ ኮርቻ ለአህያ መጫን ነው፣ ልዩነቱ አህያዋ ፊትህ ላይ አትፈነዳም።

ኃይላቸውም አይገናኝም። በርሜል ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ለኮርቶ እስከ 1350 ባር ነው የሚፈቀደው። ማካሮቭ 1600። ፓራቤለም 2350። እነ ቤሬታና ማካሮቭ የላይኛውን ብረት የሚይዝ መቆለፊያ የላቸውም፣ በብረቱ ክብደትና በሞላው ብቻ ነው ግፊቱን የሚችሉት። ለዚያ ነው በደካማ ጥይት የሚሠሩት።

አረንጓዴ ያበቀለውን ጥይት ደግሞ አትተኩሰው። ወይ አይነሳም፣ ወይ ዘግይቶ ይነሳል፣ ወይ እርሳሱ በርሜሉ መሀል ይቀራል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው መጥቶ ይገጨዋል። ቀቅዬ ላጽዳው፣ በአሸዋ ልሸው የሚል ሰው ካጋጠመህ ሽሽ።

እና አንድ ሌላ። የቱርክ ሠራሽ እያሉ የሚያዞሩት አለ አይደል። ብዙው ሲጀመር የድምፅ ሽጉጥ ነው፣ ባዶ ጥይት እንዲያጮህ የተሠራ። ብረቱ ብረት አይደለም፣ ዚንክ የበዛበት ቅይጥ ነው፣ በቀላሉ ይሰባበራል። አፉን ቦርቡረው እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ያደርጉታል። ግፊቱን ከላይ ነግሬሃለሁ፣ አንተው አስበው። ጣቱን ያጣ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጽፍም።

ሰኞ ባቲ፦
ወንድም ለምን ትጨነቃለህ፣ ንጹህ ማካሮቭ ከነጥይቱ አለ፣ በውስጥ መስመር

አወያይ፦
ከላይ ያለው አስተያየት ቀሪው ተቆርጧል፣ ጻፊውም ወጥቷል። ደጋግመን ብለናል። እዚህ ሽያጭ የለም፣ ደላላ የለም፣ "ዕቃ አለኝ" የለም። የፖለቲካ ወሬም እንደዚሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በየቤቱ ምን እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚህ ዘርዝረን የምናወጣው ግን አይደለም። በርዕሱ ቀጥሉ።

እሙ ሰልማን፦
እኔ ስለ ጥይቱ አላውቅም። ግን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ወንድሜ ልጆች አሉህ? ማታ የት ነው የምታስቀምጠው? የኛ ወንዶች ሽጉጥ ትራስ ሥር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጠዋት ለሶላት ይነሣል፣ ሽጉጡ አልጋው ላይ ይቀራል፣ ልጁ ይነሣል። ወላሂ በዚህ ስንቴ ከባለቤቴ ጋር እንደተጣላሁ። በመጨረሻ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አሠርቶ ግድግዳው ላይ በቡሎን አሰረው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። መጀመሪያ "ሌባ ሲመጣ ቁልፍ ልፈልግ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አሁን ለምዶታል፣ በጨለማ ይከፍተዋል። አብሽር፣ ይለመዳል።

የደላንታ ድንጋይ፦
ሁለት ልጆች አሉኝ እቴ። ትልቁ ሁሉን ነገር የሚፈታታ ዓይነት ነው። ሳጥኑን የት አሠራችሁት?

እሙ ሰልማን፦
ሸዋ በር ብየዳ ቤቶቹ ጋ። ወፍራም ላሜራ በል፣ ስሱን እንዳይሸጡልህ። መታጠፊያው ከውስጥ ይሁን።

ሲስተር ከድንገተኛ፦
ሰላም። ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። 45 ወይስ 9 የሚለውን ክርክር ሳነብ ፈገግ አልኩ። በሽጉጥ የተመታ ሰው ሲመጣ ቁስሉን አይተን የጥይቱን ዓይነት አንለይም። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ቆዳው ተመልሶ ይሰበሰባል። የምናየው የት እንደገባችና ደሙ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። ጭኑ ላይ ትልቁን የደም ሥር ያገኘች ትንሽ ጥይት በደቂቃዎች ትገላለች። ሆዱን በትልቅ ጥይት ተመትቶ በራሱ እግር የገባም አለ። ከሁለቱም በላይ የሚያናድደኝ ግን ጽዳት ላይ ያመለጠችው ናት። "ባዶ መስሎኝ" ይላሉ ሁሉም። ካዝናውን ያወጣሉ፣ በርሜል ውስጥ ያጎረሰችውን አንዷን ይረሷታል።

መሣሪያ የምትይዝ ከሆነ ደም ማሰሪያም ያዝ። እጅና እግር ላይ ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር መቻል ብዙ ሰው ያተርፋል። ጓደኛው አስሮ ያመጣው ሰው ነገሩ ሌላ ነው የሚሆነው፣ ለኛም ይቀለናል።

ጠበቃ በደሴ፦
ሕጉን ማንም ሳይነካው ስላለፈ ልግባበት። ጠያቂው "ጥያቄዬ ስለ ፈቃዱ አይደለም" ብለዋል፣ ነገር ግን ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ለሰው ነው የሚሰጠው፣ እንደ በሬ ከውርስ ጋር አብሮ አይመጣም። አባትዎ የተመዘገበ ቤሬታ ነበራቸው እንበል። እርስዎ በስምዎ ሕጋዊ እስኪያደርጉት ድረስ ይዘው መውጣት አይችሉም። አልተመዘገበም ከነበረ ደግሞ ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ነገ ጠዋት ወደ ወረዳው ሰላምና ጸጥታ ወይም ፖሊስ ሄደው መኖሩን ያሳውቁ። ሽጉጡን ተሸክመው ሳይሆን፣ መጀመሪያ እንዴት ማስረከብ ወይም ማስመዝገብ እንዳለብዎት ጠይቀው።

ሁለተኛ፣ የመከላከል ጉዳይ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን አይቀጣም። ሆኖም ሁለት ነገር ይፈልጋል። ጥቃቱ ሕገወጥና ወዲያው የሚደርስ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድም ማምለጥ የማይቻል። መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ቦርሳ ነጥቆ የሚሮጥን ልጅ ከኋላው መምታት በዚህ ውስጥ አይወድቅም። ሰውዬው እየሸሸ ነው፣ እርስዎ ላይ የመጣ አደጋ የለም። አንቀጽ 79 ልክ ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ቅጣቱ ሊቀልል ይችላል፣ ድንጋጤና ፍርሃት ያመጣው ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሊተወውም ይችላል። "ሊ" የምትለዋን ልብ ይበሉ። እስከዚያው ግን የምርመራው ጊዜ፣ ማረፊያ ቤቱ፣ የሟች ቤተሰብ፣ ሽምግልናው አለ። ደም አለበት። የወሎ ሰው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
ጠበቃው አስፈራኸን እኮ። ጎመን በጤና ብለን ዱላ እንያዝ?

ጠበቃ በደሴ፦
ዱላም አንቀጽ አለው።

ባሻ 77፦
ሃሃሃ። እሱስ እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ቶካሬቭን ቶካሬቭ ያሰኘው ፍጥነቱ ነው ብሏል መምህሩ፣ እኔ ደግሞ በእጄ የማውቀውን ልጨምር። ቶካሬቭ ቀጭን ነው፣ ጋቢ ሥር ወገብ ላይ ቢውል አያስታውቅም፣ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ነገር ግን የዱሮው ሴፍቲ የለውም። መዶሻዋን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም አለ፣ እሱን ነው ሰው እንደ ሴፍቲ የሚቆጥረው። ብርድ ባደነዘዘው አውራ ጣት ያጎረሰ ቶካሬቭ መዶሻ ይዞ ቀስ እያሉ ማውረድ፣ ጉም በወረደበት የደሴ ጠዋት ሞክረው እስቲ። ብታመልጥህ ትተኩሳለች። ወታደር ቤት የሚታዘዘው በርሜሉ ባዶ ሆኖ እንዲያዝ ነበር፣ ሲያስፈልግ ስበህ ታጎርሳለህ። ሲቪል ግን ይህን ሥርዓት አይጠብቅም።

ማካሮቭ በዚህ በኩል አስተዋይ ብረት ነው። ሴፍቲዋን ከፍ ስታደርጋት መዶሻዋን ራሷ በሰላም ታወርደዋለች። ከዚያ ስትፈልግ ሴፍቲውን ዝቅ አድርገህ ቃታውን ብትስብ ይተኩሳል፣ የመጀመሪያው ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፣ ሳታስበው የምትስበው አይደለም። 730 ግራም ነው፣ 8 ጥይት ይይዛል፣ ቶካሬቭም እንዲሁ 8። ጉድለቱ? ለጥይቱ ትንሽነት ርግጫው ያን ያህል ለስላሳ አይደለም፣ እጅን ቆንጠጥ ያደርጋል። ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ግርጌ ነው፣ በሁለት እጅ ነው የሚወጣው፣ ቶሎ ልቀይር ብትል አይሆንም። ለኦፓል ነጋዴ ግን ካዝና መቀያየር ምን ያደርጋል። ስምንት ጥይት ተኩሰህ ያልተፈታ ነገር ካለ ከመጀመሪያውም እዚያ መቆም አልነበረብህም።

የደላንታ ድንጋይ፦
ባሻዬ ልብ ገባኝ። ግን ማካሮቭ ደካማ ነው እያለ ሁሉም ያጥላላዋል። መምህሩም 300 ጁል ብሎኛል። እዚያ በረሃ መንገድ ላይ አይበቃኝም ብዬ ነው የፈራሁት።

ፊዚክስ ወልዲያ፦
300 ጁል በቅርብ ርቀት ሰው ላይ ትንሽ አይደለም። የሶቪየት መኮንኖች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ለአሥርታት የያዙት እሱን ነው። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የምፈራው የቶካሬቭን ጉልበት መብዛት ነው። ቤትህ የት ነው? የጭቃ ግድግዳ ከሆነ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ያቺ ፈጣን ድፍን ጥይት የሳትካት ጊዜ የት እንደምትቆም አታውቅም። ከቆርቆሮው ማዶ ጎረቤትህ ቡና እያፈላች ነው። በቆርቆሮ ማንኛውም የሽጉጥ ጥይት ያልፋል፣ ማካሮቭም ጭምር። ግን አልፎ ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀረው ይለያያል።

እና ሽጉጥ ምንም ቢሆን ሽጉጥ ነው። በበሽሎ በረሃ ክላሽ ይዞ ለቆመ ሽፍታ 45ም ቶካሬቭም መልስ አይሆኑም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ የመጨረሻዋን የተኮሱት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። ከታች ያለውን ጦር ግን ሽጉጡ አላቆመላቸውም።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
መምህር ቴዎድሮስን ካላነሡ አይጨርሱም ሃሃሃ።

ሌላ ነጋዴ፦
በሥራው ያለሁ ነኝ፣ ስም አልጽፍም። እኔ ለብዙ ጊዜ ሽጉጥ ይዤ ተጓዝኩ፣ አሁን ትቼዋለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ። ገንዘቡን በጥሬ አልይዝም፣ ለሻጩ እዚያው በባንክ አዞርለታለሁ። ድንጋዩን በአንድ ጉዞ ሁሉንም አላመጣም። በሕዝብ መኪና በቀን እመጣለሁ፣ ቀኑን ለማንም አልናገርም፣ ለደላላዬ እንኳ። ሽጉጥ ስይዝ ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ወገቤን አይተው "ዛሬ ይዟል" ይላሉ። ብረቱ ራሱ ነበር ገንዘብ መያዜን የሚያስታውቀው። አትያዝ አልልህም፣ ፈቃድ ካገኘህ መብትህ ነው። ግን ለመንገዱ ይሁን ለቤቱ ለይ። ለቤት ከሆነ የባሻ ምክር ልክ ነው።

የደላንታ ድንጋይ፦
ይህቺ አባባል እውነት አላት። እኔም ወገቤን የሚያዩት ነገር አለ።

እሺ እንግዲህ፣ እስካሁን የያዝኩትን ላስቀምጥ፣ የሳትኩት ካለ አርሙኝ። የአባቴን ቤሬታ ነገ ሄጄ አሳውቃለሁ፣ ጥይቱን አልነካም። 45 በቃኝ፣ የአክስቴ ልጅ እዚያው ይያዘው። ቶካሬቭ ለእኔ እጅና ለእኔ ቤት አይሆንም። ፓራቤለም ጥሩ ነበር፣ ግን በሕጋዊ መንገድ ደህና ሽጉጥ ከነጥይቱ ካላገኘሁ የቱርኩን ነገር አልነካም። ፈቃዴ ሲወጣ ማካሮቭ፣ ለቤት ብቻ፣ ሳጥን ውስጥ። መንገዱን እንደ ወንድማችን በባንክና በቀን አደርገዋለሁ።

ቶርኖ ቤት ደሴ፦
ጥይቱን "አልነካም" ብለህ ሳጥኑ ውስጥ አትተወው። ስትሄድ ጥይቱም እንዳለ ንገራቸው፣ ከሽጉጡ ለብቻ አድርገው ይረከቡህ። እሳት ውስጥ የሚጥል፣ ሽንት ቤት የሚጨምር ሰው አለ። አደራ።

ሲስተር ከድንገተኛ፦
በጆሮም ላይ አንድ ቃል። ቤት ውስጥ የተተኮሰ ሽጉጥ ጆሮ ያደነቁራል፣ አንዴም ቢሆን። ልምምድ ስትሄድ ባዶ ጆሮ አትተኩስ፣ ጥጥ አይበቃም። መሸፈኛ ግዛ።

ባሻ 77፦
ጨረስክ እንግዲህ ልጄ። ማካሮቭ ስታገኝ መጀመሪያ የምታደርገው መተኮስ አይደለም። በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርገህ ተመልከት፣ ካዝናው ወጥቶ፣ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተይዞ፣ ሁለት ጊዜ አይተህ። ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ጠመዝማዛው ተበልቶ ከሆነ አትቀበል። የካዝናውን ሞላ ጫን ጫን አድርገው፣ ዘገምተኛ ከሆነ ያው ችግር አለው። ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፣ አንዲት ቁጥር ብትዛባ ኬላ ላይ ሌላ ሰው ነህ።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
ባሻዬ፣ እኔንም ያስተምሩኛል? ፊልሙን ትቻለሁ።

ባሻ 77፦
ፈቃድህን ይዘህ ና። ጥይቱን ደግሞ ራስህ ግዛ፣ የኔ ጡረታ ለጥይት አይበቃም።